አዲሱ የማርሽ ዘንግ

ኤቬልዮ የሞተር ሳይክሉን አዲስ የማርሽ ዘንግ አንዱን ጫፍ አስሮ ሌላውን ሊያጠብቅ ሲል የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ የለም። አሁን በሁለት ጣቱ ይዞት ነበር። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል።

ሲወድቅ አልሰማውም። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ዳዶ ደግሞ ዝም አይልም። ተነስቶ በረንዳውን ይጠርጋል፤ ጥጉ ላይ የተሰጣውን ቡና ሳይቀር በጣቶቹ ይበትናል።

አርሴስዮ አጥሩን ተደግፎ ያየዋል። ጎረቤቱም አበልጁም ነው፤ የኤቬልዮን ልጅ ኑቢያን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ቡናው ጥግ የምትጭረውን ዶሮ ጠርጥር ይለዋል፤ ነገ እንቁላል ስትሰብር ታገኘዋለህ።

ኤቬልዮ አይስቅም። ከአሮጌው ዘንግ ላይ ዳዶ ፈትቶ በጠፋው ቦታ ያስገባል።

ባለፈው ሳምንት፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት፣ ማርሹ ሳይገባ ቀርቶ ሞተር ሳይክሉ በባዶ ማርሽ ተንደረደረና እሱንና የልጅ ልጁን ሳሎሜን ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ልጅቷ ክርኗ ተላጠ። ኑቢያ አልጮኸችም። የልጇን ሄልሜት ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ይሄ ነገር ካልተስተካከለ ሳሎሜ ካንተ ጋር አትወጣም አለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወገቡን የሚይዙት ትንንሽ እጆች የሉም።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ለይቶታል። የማርሽ መርገጫውን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኘው አሮጌ ዘንግ ጫፎቹ ላስቲክ ነበሩ፤ ላስቲኩ ተበልቶ ይወላገዳል። እግር ያዘዘው ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የአዲሱ ጫፎች ብረት ናቸው። በእጁ ይነቀንቀዋል፤ ንቅንቅ የለም።

ሞተር ሳይክሉ ላይ ይወጣል። አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ይረግጣል፤ ይገባል። ሁለተኛን ሊያስገባ መርገጫውን በእግሩ ወደ ላይ ያነሳል፤ ሞተሩ በባዶው ይጮሃል። ደግሞ ያነሳል። ባዶ።

ተመልሶ ዘንጉን ግማሽ ዙር ያስረዝመዋል። ባዶ። ያሳጥረዋል፤ ሁለተኛ ይገባል፣ ሦስተኛ እምቢ ይላል። በነበረበት ይመልሰዋል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛ ስቶ ስቶ በስንት ግፊት ይገባል፣ ሦስተኛ ወዲያው ይታዘዛል። ግራ ይገባዋል። ያው ዘንግ፣ ያው ልክ። ልኩ ሳይለወጥ ውጤቱ ከተለዋወጠ፣ ያላሰበው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑን ያያል፣ ዘይቱን ያያል። ሁሉም ደህና ነው።

"እስቲ ውረድ" ይላል አርሴስዮ።

እሱም ያደረገው እንደ ኤቬልዮ አፈ ሰፊ የጎማ ቦት ነው፤ እዚህ ተራራ ላይ ሌላ ጫማ የሚያደርጉት ቄሱ ብቻ ናቸው። በቡና ተክሉ መሃል ባለው መንገድ እየነዳ ይወጣል፣ ይወርዳል። ኤቬልዮ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛ። አንዱም አልሳተም።

"ሰጥ ለጥ ብሎ ነው የታዘዘኝ።"

"ለእኔ ግን እምቢ አለ።"

"እንግዲህ ጠልቶሃላ፣ አበልጄ። ዕድሜውን ሙሉ ሲረገጥ የኖረ ማንን ይወዳል?"

ኑቢያ ሁለት ኩባያ ቡና ይዛ ትወጣለች፤ ለአርሴስዮ ጣፋጩን፣ ለአባቷ መራራውን። ጤና ጣቢያ ስኳር አለብህ ካሉት ወዲህ እንዲህ ነው። ፊቷን ስታዞር ሁለቱ ኩባያ ይለዋወጣሉ፤ ለምደውታል።

"ተስተካከለ?" ትላለች።

"ሞተር ሳይክሉስ ምንም አልሆነም" ይላል አርሴስዮ። ከዚያ አፉን በኩባያው ይሸፍናል።

ኑቢያ አባቷን ታያለች።

"ቦቱ ነው" ይላል ኤቬልዮ። "ወፍራም ነው፤ መርገጫውን ከለከለኝ።" በርጩማው ላይ ተቀምጦ የግራ ቦቱን ይስባል።

አንድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ይጮሃል፤ ተንከባሎ የኑቢያ እግር ሥር ይቆማል። ዳዶው ነው።

"ዶሮዋን በከንቱ አማናት" ብሎ አርሴስዮ ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ያቋርጣል።

ኤቬልዮ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ጉልበቱ ላይ ያወጣል። የውስጥ እግሩ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ታትሟል፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ዳዶው ከጠፋ ጀምሮ ቆሞበታል፤ ሲጠርግ፣ ሲፈልገው፣ ሲመላለስ ረግጦታል።

አውራ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ ያሳርፋል። ጣቱ እግሩን ያውቀዋል። እግሩ ግን መነካቱን አላወቀም። ጠንከር አድርጎ ይጫናል፤ እስኪያመው ይጠብቃል።