ጣና የወሰዳቸው

ላቀው ምጽዋ ላይ ለባሕር ኃይል ምልምሎች ዋና ሲያስተምር ሃያ ዓመት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ጎንደር ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. የስፖርት ኮሚቴው ለአብዮት በዓል ጣና ላይ ውድድር አሰበና አሠልጣኝ አድርጎ ጠራው። ወጣቶቹ ሐይቁን ዋኝተው፣ ከውሃ ወጥተው ብስክሌት ጋልበው፣ በመጨረሻ ይሮጣሉ። ላቀው ጎንደር አራዳ ያለውን ቤቱን ለእህቱ ትቶ ጎርጎራ ወረደ። ሐይቁ ዳር አንዲት ክፍል ተሰጠችው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የበለጠው ዋሴ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጭልጋ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ማን ማንን እንደሚቀድም ሲከራከሩ፣ እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሰው ሳይተነፍስ ስንት ክንድ ከውሃ ሥር ይሄዳል? ደንገሉ እስከ የት ድረስ ይበቅላል? ላቀው እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞት አያውቅምና የሚያውቀውን ሁሉ ደስ እያለው ነገረው።

የሥልጠናው ደንብ አንድ ነበር፤ ማንም ወደ ጥልቁ ሲወጣ ታንኳ ይከተለዋል። በአስተርዮ ማርያም ማግስት ባለታንኳው ታሞ ቀረ። ዋሴ ግን ለመነ። በሚቀጥለው ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ነው። «አያ ላቀው፣ አንዴ ብቻ ያቺን ደሴት ዞሬ ልምጣ» አለ። ላቀው ልመና መቋቋም አይችልም፤ ሂድ አለው።

ልጁ አልተመለሰም።

ሦስት ቀን ፈለጉት። ሬሳው አልተገኘም። ዓሣ አጥማጆቹ ጉማሬ ነው ብለው ደመደሙ። ላቀው ለኮሚቴው ሪፖርት ሲጽፍ ታንኳ ይከተለው ነበር ብሎ ፈረመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። በጾም ሰሞን የሚወደውን ዓሣማ ማየትም ተወ፤ ያ ዓሣ ምን በልቶ እንደወፈረ ማን ያውቃል?

የልጁ አርባ ከወጣ በኋላ እናቱ ደብሪቱ መጣች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ከዋሴ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ከል ለብሳ ደጁ ላይ ስትቆም ላቀው የምትረግመው መሰለው፤ ብትረግመውም ቀለል ይለው ነበር። እሷ ግን አልረገመችውም። ዋና አስተምረኝ አለችው።

«ምነው እትዬ ደብሪቱ?» አላት።

«ልጄን የወሰደውን ውሃ ልወቀው።»

ራሷን ልታጠፋ እንዳሰበች ጠረጠረ። እንቢ ማለት ነበረበት። ነገር ግን ልጇን የቀማት ሰው በምን አፉ እንቢ ይላታል? ዋና የሚያውቅ ሰው ቢፈልግም ቶሎ አይሰምጥም ብሎ ራሱን አጽናና። ቅል ወገቧ ላይ አስሮ፣ ገና ሰው ሳይበዛ ማለዳ ማለዳ ያስተምራት ጀመር። በጀርባ መንሳፈፍን፣ ድካም ሲመጣ ትንፋሽ መቆጠብን፣ ሳይንቦጫረቁ መሄድን አሳያት። አንድም ቀን ውሃው ውስጥ አላለቀሰችም። አንድ ጠዋት ልብሷን እየጨመቀች ጠየቀችው።

«ሰው ሲሰጥም ስንት ቀን ይፈልጉታል?»

«ሦስት ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይለቀስለታል፤ የሚፈልገው የለም።»

አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ፣ «ሸጋ» አለችና ሄደች። ላቀውን ቃሉ ቆረቆረው። ያዘነ ሰው የሚለውን አያውቅም ብሎ ተወው።

በግንቦት መጀመሪያ፣ እሱ ሳይነሳ፣ ደብሪቱ ብቻዋን ገባች። ከሏ ድንጋይ ላይ ተጣጥፎ ተገኘ። እንደገና ሦስት ቀን ተፈለገ፤ እንደገና ምንም የለም። ላቀው ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዋለ። እናትና ልጅን በሁለት እጁ እንደያዘና ሁለቱንም እንደለቀቃቸው ይሰማው ነበር። ለንስሐ አባቱ ሊናዘዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዶ ተመለሰ።

የኮሚቴው የፖለቲካ ተጠሪ ታከለ ይባላል። ዕድሜው አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ተጠሪ ለግምገማ ተብሎ አዲስ አበባ ተጠርቶ አልተመለሰም፤ የት እንደገባ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ታከለ ላቀውን ጎንደር ወደ ቢሮው አስጠራው። ስለ እናትና ልጁ የተጻፉት ሁለት ሪፖርቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ስለ ታንኳዋ አጥብቆ ጠየቀው። ላቀው ነበረች አለ። ከዚያ ታከለ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«አርባ አምስት ቢሆናት ነው።»

«በዚያ ዕድሜ ዋና ይለመዳል ጓድ ላቀው?»

«የቆረጠ ሰው ይለምዳል።»

ታከለ ምንም አልጻፈም። ሂድ፣ ስፈልግህ አስጠራሃለሁ አለው።

ላቀው ከዚያ ወዲህ የማኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነሳል። ሲብስበት ደግሞ ምነው በመጡና በወሰዱኝ ይላል። ውድድሩ ተሰርዞ፣ ወጣቶቹ ተበትነው፣ እሱ ብቻ ሐይቁ ዳር ቀርቶ ነበር። ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኮሚቴው ማኪና መጥታ ደጁ ላይ ቆመች። ታከለ ብቻውን ወረደ። ወታደር አልያዘም፤ ሹፌርም አልነበረውም። አዲስ አበባ ለግምገማ ተጠርቶ ሰኞ እንደሚሄድ ላቀው ሰምቷል፤ ሳይሄድ የኔን ጉዳይ ሊዘጋ ነው አለ በልቡ።

ውሃው ዳር ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። ላቀው እስኪጠየቅ አልጠበቀም።

«ታንኳዋ አልነበረችም» አለ። «የፈረምኩት ውሸት ነው። እናቲቱንም ውሃ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ሁለቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እሰረኝ፤ እኔም ልረፍ።»

ታከለ ወደ ኋላው ዞር ብሎ መንገዱን ቃኘ፤ ማንም የለም። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በላቀው መዳፍ ላይ አኖረና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

«ዋሴና እናቱ ሱዳን በሰላም ገብተዋል፤ ለእርስዎ የላኩትን ደብዳቤ ኬላ ላይ ይዤዋለሁ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «እኔንም እንደ እነሱ ያስምጡኝ፣ ጋሼ።»