ከአፍንጫዋ ጀርባ የተንጠለጠለው

«ከእኛ ጋር መብላት ትጸየፋለች።»

አማትየው ይህን ለልጃቸው ሲነግሩት ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም... ምራታቸው እንድትሰማ ፈልገዋል።

ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ነገር ማለባበስ ግን አይሆንላቸውም።

ምራትየዋ ምግብ ሲቀርብ ሰበብ አታጣም። አንዴ ራሴን አሞኛል፣ አንዴ ቆይቼ እበላለሁ... ከዚያ ሳህኗን ይዛ ጓዳ ትገባለች።

ባልየው በሚስቱና በእናቱ መሃል ሆኖ መላው ጠፍቶታል።

አንድ ቀን አማትየው መቀስ ፍለጋ ጓዳ ዘው አሉ።

ምራታቸው እየበላች ነው... ታኝካለች፣ ታቆማለች፣ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች። ደግማ ታኝካለች።

አማትየው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«አፍንጫዬ ዝግ ነው እማማ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እንደዚህ ስበላ እንዳታዩኝ አፍሬ ነው።»

ታክማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ታክማለች... አንድ ሐኪም ከፊት በባትሪ አይቶ አለርጂ ነው አላት፤ የሚረጭ መድኃኒት ሰጣት። ጠብ ያለላት ነገር የለም።

በማግስቱ ስፌታቸውን ጥለው የአፍንጫ፣ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ሄዱ።

ሐኪሟ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት።

«የሚብስብሽ አየር ማስገባት ነው ማስወጣት?»

እዚያው ሞከረችው... «ማስወጣት» አለች። ራሷም ገረማት።

ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገባች። ከፊት ንጹህ ነው... ገባ ሲል ግን፣ አፍንጫ ከጉሮሮ በሚገናኝበት ቦታ፣ የተላጠ ወይን የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።

ፖሊፕ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ትርፍ ሥጋ። አየር ስታስወጣ እየተገፋ መተላለፊያውን ይደፍነዋል።

በሲቲ ስካን ሲታይ ደግሞ ሥሩ ያለው ሌላ ቦታ... ጉንጯ አጥንት ውስጥ ባለው ባዶ ክፍል ነው!

አማትየው ፈሩ፤ ካንሰር ይሆን ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ብዙውን ጊዜ እንዳልሆነ፣ ለማንኛውም ተወስዶ እንደሚመረመር፣ ሥሩ ከቀረ ግን ተመልሶ እንደሚያድግ አስረዳቻቸው።

ፊቷ ሳይነካ፣ በአፍንጫዋ በኩል ከነሥሩ ወጣላት። ውጤቱም ካንሰር አይደለም።

ካገገመች በኋላ አንድ ምሳ ላይ አብረው ተቀምጠው ሳለ ምራትየዋ ቀና አለች።

«እማማ... የሚያር ነገር አይሸትዎትም?»

ባልየው ወደ ምድጃው ሮጠ። አማትየው ግን ካሉበት አልተነሱም፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ።

«ይረር ልጄ... እንኳን ሸተተሽ።»

ወዳጆቼ... የመጀመሪያው ሐኪም ከፊት አይቶ «አለርጂ» አለ። አማትየውም ከፊት አይተው «ንቀት» አሉ። የሁለቱም መልስ ያለው ከኋላ ነበር፤ የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ።

እናንተስ... «ንቆኝ ነው» ብላችሁ አስባችሁ፣ ስትጠይቁት ግን ሕመም ይዞት ያገኛችሁት ሰው አለ? እስቲ ከታች አጫውቱን።