አጭሯ ጅብራ

ሳና ከወሎ ሰፈር ሱቁ ገና የተመለሰውን አባቷን ጎትታ ሥዕሏ ፊት አቆመችው። የተወለደበትን ደጋ ከአሮጌ ፎቶው አይታ ከነጭጋጉ ስላው ነበር፤ ነገ ለውድድር ታቀርበዋለች።

«በጭጋግ ሰው ይመስላሉ እያልክ የምታስፈራራን ጅብራዎች ያውልህ! አንተም እንደነሱ አትገተር፤ ቆንጆ ነው በል እንጂ፣ አባዬ!»

አባቷ ከረጃጅሞቹ ተክሎች መሃል አጭሯን በጣቱ ነካ።

«ይቺ ጅብራ አይደለችም። እናቴ ናት፤ ልትሸኘኝ ወጥታ ነው። ከሷ የቀረኝ ፎቶ ይሄ ያየሽው ብቻ ነው።»

ሳና ክው አለች። አያቷ አናት ላይ ያን ሁሉ ቅጠል የሰካችው በገዛ እጇ ነው። እርጥቡን ቀለም በእጅጌዋ ጠረገችው።

«ፊቷን ንገረኝ፤ አሁኑኑ እስለዋለሁ። ዓይኗ እንዴት ነበር?»

አባቷ «ዓይኗማ...» ብሎ ጀመረ። ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቆ ፊቷን በብርሃን ሊፈልግ ወደ መስኮቱ ሮጠ።