ደረስጌ አልመለሰም

ጥበብ ፒንጉን እንደገና ላከ። ደረስጌ አልመለሰም።

ዳባት መልሷል፣ ቡይት ራስም፣ አዲ አርቃይም። ሥራው ይኸው ነው፤ ደባርቅ ካለችው ጠባብ ቢሮው ተቀምጦ በየገጠሩ ለተተከሉት የኔትወርክ ማሽኖች በኮምፒውተር ፒንግ የሚሉትን ጥሪ እየላከ «አለህ?» እያለ መጣራት። «አለሁ» ብሎ የመለሰው ማሽን ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ ዝም ያለው ነጥቡ ትቀላለች። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ከማሽን ጋር ግን ሲጠራራ ይውላል።

የደረስጌው ማሽን ለእሱ ማሽን ብቻ አይደለም። የተተከለው አባቱ ቤት ነው። ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ምልክቱን ተቀብሎ ቁልቁል ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያስተላልፋል። በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ እንዳያልቅ አባቱ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ማታ ማታ ይነቅሉታል፤ ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ይሰኩታል። ነጥቧ አረንጓዴ ስትሆን ጥበብ «አባባ ገቡ» ይልና ሻዩን ፉት ይላል።

እናቱ የሞቱ ሰሞን በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ግን መደወሉ እየቀረ፣ እየቀረ ሄዶ ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ። ደህንነታቸውን በየጠዋቱ በዓይኑ እያየ ምን ብሎ ይደውል?

ዛሬ ረፋዱ አልፎም ነጥቧ እንደቀላች ናት።

ስልኩ ጮኸ። ዳባት የሚሠራው የጥገና ባልደረባው ፀጋው ነው።

«ስማ፣ ደረስጌ ሞቷል አይደል?» አለው እንደ ወትሮው።

የተቋረጠ ማሽን ሁሉ በእነሱ አፍ «ሞቷል» ነው። ጥበብ ራሱ በቀን ስንቴ ይለው የለ! ዛሬ ግን ቃሉ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ቀዘቀዘበት።

«አፍህን ሰብስብ!» ብሎ ዘጋበት።

የአባቱን ቁጥር ፈለገ። ከደወለላቸው ስለቆየ ስማቸው ከሰው ሁሉ በታች ወርዷል። ፈራ፤ እንደ ልጅ ፈራ። ስልኩ አንዴ ሳይጠራ ተነሣ።

«ደወልህ?» አሉ መሪጌታ።

«አባባ! ደህና ነዎት? ማሽኑ እኮ ጠፋ፤ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነች። እኔ ነኝ ያልሰካኋት።»

«ለምን?»

«ዛሬ ማርያም ናት፤ ቀበሌው ዝግ ነው። ማንንም አልበድልም ብዬ ነው።» ትንሽ ሳሉ። «ያ ፀጋው የምትሉት ጓደኛህ ባለፈው ሊጠግን መጥቶ፣ ‹መሪጌታ፣ ልጅዎ በየጠዋቱ በዚህች ሳጥን ያይዎታል› ቢለኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሰካኋት ቁጥር ‹እንደምን አደርህ፣ ልጄ› እላታለሁ። ጆሮዬን አቅንቼም እቆያለሁ። ትበራለች እንጂ አትናገር። እስቲ ዛሬ ባልሰካትስ ይደውል ይሆን አልሁና ተውኋት።»

ጥበብ ቀይዋን ነጥብ ተመለከተ። እሱ እዚህ ብቻውን ከነጥብ ጋር፣ እሳቸው እዚያ ብቻቸውን ከሳጥን ጋር፤ ስንት ጠዋት እንዲህ እንዳለፈ አያውቅም።

«በል እንግዲህ ሥራ አላስፈታህ» አሉ አባቱ፣ ድምፃቸው ቀለል ብሎ። «ልሰካት?»

«ግድ የለም፣ ትቆይ አባባ። ይልቅ ያጫውቱኝ።»

«ምኑን?»

«ያለውን ሁሉ። ቤቱን፣ ተማሪዎቹን፣ ጤናዎን…»

 

«እንግዲያው ከጉልበቴ ልጀምር» አሉ መሪጌታ። «ከጥምቀት ወዲህ አልታዘዝ ብሎኝ ኪዳንም ቀርቻለሁ። ይቺን ሽቦ እንኳ ጎረቤታችን ሸጊቱ አልጋዬ ድረስ ስባልኝ፣ ተኝቼ ነው የምሰካት።»

ጥበብ «ምነው ሳይነግሩኝ?» ሊል ነበር፤ ከጥምቀት ወዲህ ግን መች ደውሎ ጠየቃቸው?