እስከ እሁድ ቀትር

ጡረታ የወጡት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሐሙስ ጠዋት በማኅበሩ የመወያያ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፉና ከወንበራቸው ተነሡ። ቁጭ አሉ። ደግሞ ተነሡ።

«ምነው አባዬ፣ እሾህ ላይ የተቀመጥክ ትመስላለህ» አለች ልጃቸው።

«ለጠፍኩት።»

«ምኑን?»

«መልቀቂያዬን።»

ማኅበሩ የበጎ ፈቃደኞች ነው። ትምህርት ቤቶች ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚከታተሉበትን ፕሮግራም ይሠራል። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ ማንም ያያል፣ ማንም ያርማል፣ ለማንም አይከፈልም። ጭቅጭቁም በነጻ ነው። የታረመውን መርምሮ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባው ግን አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ባለቁልፍ ይሉታል። ፕሮግራሙን የጀመሩት ሽማግሌው ናቸውና ቁልፉም እስከዚያች ሐሙስ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

የማኅበሩ ሕግ አጭር ናት። አለቃ የለም፤ ድምፅ አይቆጠርም። ሐሳብ ያለው ሐሳቡን ይለጥፋል፣ ቀን ይቆርጣል። አንድ ሰው እንኳ ምክንያት ጠቅሶ ከተቃወመ ሐሳቡ ይቆማል። ሁሉም ዝም ካለ ጸድቋል።

ሕጓ ማለፊያ ነበረች፣ የጥርስ ሐኪሙ ባይኖር። አባላቱ ጉጠት ይሉታል፤ ጥርስ ስለሚነቅል አይደለም፣ ሐሳብ ከነሥሩ ስለሚነቅል ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ምልክት ቀለም ሰማያዊ ይሁን ሲባል ተቃወመ። ክርክሩ ከመርዘሙ የተነሣ በመሃል ሁለት አባላት ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ ልጃቸው ጥርስ አብቅሎ የጉጠት ታካሚ ሆነ። ቀለሙ እስካሁን አልተወሰነም።

የሽማግሌው ጽሑፍ ይህ ነበር፦ «ደክሜያለሁ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ቁልፉን ለጂኦግራፊ መምህርቷ ላስረክብ። ተቃዋሚ ካለ እስከ እሁድ ቀትር ይጻፍ።»

ልጃቸው አንብባ በደስታ አጨበጨበች። «ተመስገን! ደም ግፊትህም ይወርዳል፣ እኔም አባት ይኖረኛል።» ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ጉጠትስ?»

«ጉጠትማ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ፣ «ጉጠትማ መቼም ዝም አይልም።»

ዓርብ እህል አልወርድላቸው አለ። ገጹን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ እንደገና ይከፍታሉ። የማውሱ ቀጭ ቀጭታ ከመብዛቱ የተነሣ ጎረቤቶች በረዶ የዘነበ መስሏቸው ልብሳቸውን ከገመድ ላይ አነሡ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዘውት ገቡ።

«ጻፈ እንዴ?» አለች ልጃቸው ከወጥ ቤት።

«አልጻፈም።»

«ጎሽ!»

«ሌላም ሰው አልጻፈም።»

«አየህ? ሁሉም አዝኖልሃል።»

ሽማግሌው ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ ዘጉት።

«ሄጄ ጉጠትን ላነጋግረው?»

«ተዪው!» አሉ ቆጣ ብለው። «የመሰለውን ይጻፍ። መብቱ ነው።»

ልጃቸው በአባቷ ቅንነት ልቧ ተነካ። አንዱ ነጃሳ አንቆ ሊይዛቸው ነው፣ እሳቸው ግን መብቱን ያከብሩለታል! ቅዳሜ ሳትነግራቸው ወጣችና በቀጥታ ወደ ጉጠት ክሊኒክ ሄደች።

ጉጠት አንድ ታካሚ ወንበሩ ላይ አጋድሞ አፉን በጥጥ ጠቅጥቆታል።

«ሊቃወሙ ነው፣ አይደል ዶክተር?» አለች ሰላምታም ሳታስቀድም።

«እንዴታ! ጽሑፌን ጨርሻለሁ፤ ማታ እለጥፈዋለሁ። መምህርቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ያለ አባትሽ ይህ ነገር ወር አይቆይም።»

«አባቴን ሊገድሉብኝ ነው! እህል አይቀምስ፣ አንድ ቦታ አይቀመጥ፤ እርስዎ እምቢ ይላሉ ብሎ ነፍሱ ተጨንቃለች።»

ሐኪሙ ደነገጠ። «እኔን ፈርተው?»

«ታዲያ ማንን? ሌላውማ ዝም ብሎለታል። ሰውዬው ደክሞታል ዶክተር፤ ይረፍበት።»

ጉጠት መሣሪያውን እንደያዘ ቆሞ አሰበ። ታካሚው እጁን አወናጨፈና «እእ! እእእ!» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ትላለህ?» አለው። ሰውዬው አፉ ሙሉ ጥጥ ነው፤ ምን ይበል? «ተቃውሞ የለም» አለ ጉጠት፣ ነቀለውም።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እሺ ልጄ፣ ለእሳቸው ስል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም እላለሁ፤ ሳያመኝ ግን አይቀርም።»

እሁድ ሽማግሌው ጢማቸውን ተላጭተው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ልጃቸው ከኋላ ቆማ ትከሻቸውን ይዛለች። ቀትር እየተቃረበ ሲመጣ ገጹን ደጋግመው ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር።

«አይዞህ» አለቻቸው። «አይጽፍም።»

ቀትር ሆነ። ገጹ ላይ «ያለ ተቃውሞ ጸድቋል» የሚል ወጣ።

ያን ጊዜ ያ ሁሉ ዲዳ አፍ አወጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» «መልካም ዕረፍት ጋሼ!» «አደራዎን እጠብቃለሁ» አለች መምህርቷ። ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ በአንድ ጣታቸው «አመሰግናለሁ» ብለው ጻፉ፤ ቁልፉን አስረከቡ።

ከዚያ ስልካቸውን አነሡና ጉጠት ጋ ደወሉ። ልጃቸው ሊያመሰግኑት መስሏት ደስ አላት።

«ጋሼ!» አለ ጉጠት፣ ድምፁ እስከ እሷ እየተሰማ። «ምንም አልጻፍኩም እኮ! አኮራሁዎት፣ አይደል?»

«ምናለ» አሉ ሽማግሌው፣ «አንተ እንኳ እምቢ ብትልልኝ?»