በአፍንጫ ስቦ፣ በአፍ ማስወጣት

ሰውየው የሥነ ልቦና አማካሪዋ ፊት ሲቀመጥ እንደ ወትሮው አንገቱን አልደፋም። ትንሿን ልጁን የሚጠብቅለት ሰው ስላጣ ይዟት መጥቷል፤ አጠገቡ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ያስተማርሽኝ ነገር ሠርቷል» አለ። «ንዴቴ ሲመጣ በአፍንጫዬ እስባለሁ፣ በአፌ አስወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምናገረው። እቤት ውስጥ እጄን ካነሳሁ ሰነባበትኩ። እግዜር ይስጥሽ፣ ከእንግዲህ ባልመጣም ይሆናል።»

አማካሪዋ ፈገግ አለች። «ጎበዝ ነዎት። ግን ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀንም አላወራንም። ስለ ልጅነትዎ ስጠይቅዎ ሁልጊዜ ወሬ ይቀይራሉ።»

«እሱን እንኳ ተይው። ቁስሉ ከዳነልኝ፣ እሾሁ የየት አገር እንደሆነ ምን አገባኝ?» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ልሥራልሽና ፍረጂኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ እስኪነፋ ድረስ አየሩን በአፍንጫው ሳበ።

ዓይኑን ሲገልጥ የልጁ ወንበር ባዶ ነው። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ ጣቶቿን ጆሮዎቿ ውስጥ ወትፋ ተኮራምታለች።

አማካሪዋ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «የኔ እናት፣ ምን ሆንሽ?»

ልጅቷ አንድ ጣቷን ብቻ ከጆሮዋ አወጣች። «እማዬ ናት ያለችኝ» ስትል አንሾካሾከች። «አባዬ እንዲህ ሲተነፍስ ቶሎ ተደበቂ ብላኛለች።»

ሰውየው የሳበውን አየር እንደያዘ ቀረ። ልጁ ሳትሰማው እንዴት አድርጎ እንደሚያስወጣው ጠፋው።