የአማት ትኬት

«ትኬት» ይላል ሹፌሩ፣ ቀና ሳይል። የትኬት መብሻውን ቀጭ ያደርጋል፤ ሌላ እጅ፣ ሌላ ትኬት፣ ቀጭ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ አርፎ መቀመጥ አቅቶታል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቆጣጣሪው ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ያለፈበት ትኬት የያዘ ሰው ካገኘ፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ ያለበት ይህ ሹፌር መሪውን ለሌላ ያስረክባል።

ቀጥሎ የተዘረጋው እጅ የሽማግሌ ነው። ቀና ሲል አማቱ ናቸው።

«መሪ የያዘ ሰው ቤት አይዝም» ብለው ሠርጉ ላይ ያልተገኙ፣ ልጃቸው ስትወልድ እንኳን ድምፃቸውን ያጠፉ ሰውዬ። ሚስቱ ማታ ማታ «አባዬን መንገድ ላይ አላየኸውም?» ስትለው «ከተማው ሰፊ ነው» ይላታል። ይኸው ሰፊው ከተማ ጠቦ በሩ ላይ ቆመውለታል።

ትኬቱን ያያል። የትናንት ነው።

ቢያሳልፋቸው ሥራውን ያጣል፤ ቢያወርዳቸው ምን ብሎ ሚስቱ ፊት ይቆማል? ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። «ኧረ እንሂድ፣ ሥራ አለብን» ይላል አንዱ ተሳፋሪ። እውነቱን ለመናገር፣ የሁለት ዓመት ቂሙ ደግሞ ትንሽ ደስ ብሎታል።

«ያለፈበት ነው አባባ፣ ይውረዱ።» ድምፁ ከፈለገው በላይ ይወጣል። ተቆጣጣሪው ከደብተሩ ቀና ይላል።

«የዛሬውም አለ» ይላሉ ሽማግሌው ኪሳቸውን እየዳበሱ። የሰኞን ያወጣሉ፤ አይደለም። የማክሰኞን፤ እሱም አይደለም። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ። ሁሉም የዚህ መስመር፣ የዚህ ሰዓት ትኬቶች ናቸው፤ አንዳቸውም አልተበሱም።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«በየቀኑ ትኬት ቆርጬ ፌርማታው ላይ እቆማለሁ» ይላሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተን መሪው ላይ ሳይህ ለመሳፈር እግሬ እምቢ ይለኛል።»

የዛሬው ከመሐረባቸው ውስጥ ይገኛል። ሹፌሩን እፍረት ጆሮው ድረስ ያቃጥለዋል። መብሻው አንዴ ይስታል፤ በሁለተኛው ይበሳዋል። ሽማግሌው ከጀርባው ካለው ወንበር ይቀመጣሉ፣ ተቆጣጣሪውም ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ሁለት ፌርማታ ያልፋሉ። ሹፌሩ መስታወቱን ያያል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ እንደገና መስታወቱን ያያል።

«የት ነው የሚወርዱት?» ይላል በመጨረሻ።

«ሥራህን ስትጨርስ» ይላሉ አማቱ፣ «አንተ የምትወርድበት።»